የወጪ መጋራት ሥርዓትና የመንግሥት የተማሪ ድጋፍ ወሰን፦ በምግብ በጀትና በዕዳ አመላለስ ላይ ያተኮረ ቅኝት

አኅጽሮተ ጥናት

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በመደበኛው መርሐ ግብር የሚማር ተማሪ በትምህርት ላይ ሳለ ለምግቡ፣ ለመኝታውና ለትምህርቱ ከኪሱ እንዲከፍል አይገደድም። በዚህም ምክንያት ድጋፉ በብዙዎች ዘንድ «ነጻ ትምህርት» ተብሎ ይታወቃል። ሕጉ ግን ከድጋፉ ከፊሉን ስጦታ፣ ከፊሉን ደግሞ ከምረቃ በኋላ የሚመለስ ዕዳ አድርጎ ይደነግጋል። ይህ ጽሑፍ የወጪ መጋራትን የሕግ ማዕቀፍ፣ የተማሪዎችን የቀን የምግብ በጀትና የዋጋ ንረትን አንድ ላይ በማገናዘብ የድጋፉን ወሰን ይመረምራል። ዋና መከራከሪያው የድጋፉ ውስንነት የመጠን ብቻ ሳይሆን የጊዜም ነው የሚል ነው። በጀቱም ሆነ ዕዳው በቋሚ ብር ስለሚተመኑ የዋጋ ንረት ተማሪውን በችግሩ ሰዓት ይጎዳዋል፤ ደመወዝተኛ ከሆነ በኋላ ግን ዕዳውን ያቀልለታል። በ2017 ዓ.ም. የተደረገው የምግብ በጀት ጭማሪ ይህን ሚዛን የሚለውጥ በመሆኑ የዕዳ አመላለሱ እንደገና ሊታሰብበት ይገባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ወጪ መጋራት፣ የተማሪ ድጋፍ፣ የምግብ በጀት፣ የዋጋ ንረት፣ የዕዳ አመላለስ

1. መግቢያ

ስለ ተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ የሚደረገው ውይይት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጥያቄ ላይ ይቆማል፤ ድጋፉ በቂ ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን የሚያደርሰው ሩቅ አይደለም። የትኛውም መንግሥት የሚሰጠው ድጋፍ ከተማሪው ፍላጎት ጋር ሙሉ ለሙሉ ሊመጣጠን አይችልምና «በቂ አይደለም» የሚለው መልስ በየትኛውም አገርና ዘመን እውነት ይሆናል። ይበልጥ የሚጠቅመው ድጋፉ የት ላይ እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚያበቃ፣ ማንን እንደሚያካትትና ማንን እንደሚያስቀር፣ ወጪውንስ በመጨረሻ የሚሸከመው ማን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ «ወሰን» የሚለው ቃል የገባው በዚህ ትርጉም ነው።

ጽሑፉ የሚያተኩረው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዲግሪ መደበኛ ተማሪዎች ላይ ነው። የተመሠረተውም በወጡ አዋጆችና ደንቦች፣ ለሕዝብ ይፋ በሆኑ የበጀት ውሳኔዎችና በዓመታዊ የዋጋ ንረት መረጃ ላይ ነው። በክፍል 5 እና 6 የቀረቡት ስሌቶች የማንኛውንም ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መዝገብ አይወክሉም፤ የሥርዓቱን አካሄድ ለማሳየት የተዘጋጁ ምሳሌዎች ናቸው። ግምት በተወሰደበት ቦታ ሁሉ ግምት መሆኑ ተመልክቷል።

2. የሥርዓቱ አመጣጥና አወቃቀር

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተከፈተበት ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚሆን ጊዜ በአገሪቱ የከፍተኛ ትምህርት ወጪ የሚሸፈነው በመንግሥት ነበር። የተማሪው ቁጥር አነስተኛ፣ ምሩቁም በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጠር ስለነበር ይህ አሠራር ብዙ ጥያቄ አላስነሣም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአገሪቱ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት፣ ማለትም የአዲስ አበባና የዓለማያ (የዛሬው ሐረማያ) ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ሆኗል። መስፋፋቱ ከጀመረ በኋላ «ማን ይክፈል?» የሚለው ጥያቄ ሊታለፍ የማይችል ሆነ።

ለጥያቄው የተሰጠው ሕጋዊ መልስ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ሲሆን፣ እርሱን ተከትሎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91ን እ.ኤ.አ. በ2003 አወጣ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2008 ደንብ ቁጥር 154 ወጥቷል። ከዚያ በኋላ የመጡት የከፍተኛ ትምህርት አዋጆች፣ ማለትም ቁጥር 650/2001 እና ቁጥር 1152/2011፣ የወጪ መጋራትን መርሕ ይዘው ቀጥለዋል።

የሥርዓቱ አወቃቀር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ተማሪው የምግብና የመኝታ ወጪውን ሙሉ ለሙሉ፣ ከትምህርት ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ይህን ክፍያ በሚማርበት ጊዜ መፈጸም አይጠበቅበትም፤ በየዓመቱ የውል ቅጽ ይሞላል፤ ዕዳውም ይመዘገባል። ተመርቆ ገቢ ማግኘት ሲጀምር ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ፣ ቢበዛ በ15 ዓመት ውስጥ ከፍሎ ይጨርሳል። ተቀጣሪ ከሆነ ተቀናሹን ከደመወዙ ቆርጦ ለግብር ሰብሳቢው የሚያስገባው አሠሪው ነው። አስቀድሞ ለሚከፍል የጥቂት በመቶ ቅናሽ ተፈቅዶለታል። በመምህርነት ሙያ የሚሰማሩ ደግሞ ዕዳቸውን በአገልግሎት የሚወጡበት መንገድ አለ። ሐሳቡ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1989 ከጀመረችው፣ ክፍያን ከምሩቁ ገቢ ጋር ከሚያያይዘው አሠራር ጋር ይዛመዳል።

ከዚህ አወቃቀር አንድ ነጥብ ጎልቶ ሊወጣ ይገባል። መንግሥት በእርግጥ በስጦታ መልክ የሚሰጠው የትምህርት ወጪውን እስከ 85 በመቶ የሚደርስ ክፍል ነው። ተማሪው በየቀኑ በዐይኑ የሚያየውና በእጁ የሚነካው ድጋፍ፣ ማለትም ምግቡና መኝታው፣ በሕጉ መሠረት ስጦታ አይደለም፤ ብድር ነው። ተማሪው ድጋፍ የሚለው ሌላ፣ ሕጉ ድጋፍ የሚለው ሌላ ነው። ብዙ አለመግባባት የሚመነጨው ከዚህ ልዩነት ነው።

3. የመጀመሪያው ወሰን፦ የመግቢያው በር

ድጋፉ የሚጀምረው በችግር መጠን ሳይሆን በፈተና ውጤት ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ ያገኘ ተማሪ የቤተሰቡ አቅም ምንም ይሁን ምን ወደ ሥርዓቱ ይገባል፤ ምደባ ያላገኘው ደግሞ የቱንም ያህል ችግረኛ ቢሆን ከሥርዓቱ ውጭ ነው። በግል ኮሌጅ የሚማር፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ቢሆን በማታ ወይም በርቀት መርሐ ግብር የተመዘገበ ተማሪ ክፍያውን የሚሸፍነው ራሱ ወይም ቤተሰቡ ነው።

ይህ በር ምን ያህል ጠባብ ሊሆን እንደሚችል የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያሳያል። ለፈተናው ከተቀመጡት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ያህል፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ክፍተቱን ለማጥበብ የማካካሻ (ሬሜዲያል) ትምህርት ተጀምሮ ተጨማሪ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ይህም ሆኖ የድጋፉ መለኪያ አሁንም ውጤት እንጂ አቅም አይደለም። ውጤት ደግሞ ከአቅም ነጻ አይደለም። መብራት፣ ቤተ መጻሕፍትና የተሟላ መምህር ባለበት ከተማ የተማረና እነዚህ በሌሉበት የገጠር ቀበሌ የተማረ ልጅ በአንድ ፈተና ሲመዘኑ ድጋፉ ብዙ ወደነበረው ማዘንበሉ አይቀርም።

ከበሩ ውስጥ ከገቡም በኋላ የአቅም ልዩነት አይታይም። የባለሀብት ልጅና የጉልበት ሠራተኛ ልጅ አንድ ዓይነት ቅጽ ይሞላሉ፤ አንድ ዓይነት ምግብ ይቀርብላቸዋል፤ እኩል ዕዳ ይመዘገብባቸዋል። እኩልነቱ በአስተዳደር ረገድ ቀላል ነው፤ ማጣራት አያስፈልገውም፤ አድልዎም አያስጠረጥርም። ነገር ግን ከቤት ገንዘብ ለሚላክለት ተማሪ ድጋፉ ተጨማሪ ሲሆን፣ ምንም ለማይላክለት ደግሞ ያለው ይኸው ብቻ ነው።

4. ሁለተኛው ወሰን፦ የሚሸፈነውና የማይሸፈነው

ሥርዓቱ የሚያውቃቸው የወጪ ዓይነቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ትምህርት፣ ምግብ፣ መኝታና ጤና። የተማሪ ሕይወት ግን ከእነዚህ ውጭ ብዙ ወጪ አለው። ከመኖሪያ ቀዬ እስከ ተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ያለው የትራንስፖርት ወጪ፣ አልባሳትና ጫማ፣ ሳሙናና የንጽሕና መጠበቂያ፣ የደብተርና የፎቶ ኮፒ ክፍያ፣ የስልክና የኢንተርኔት ካርድ በሥርዓቱ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ምደባው በአገር አቀፍ ደረጃ ስለሚካሄድ ተማሪው ከቤቱ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ሊማር ይችላል፤ የጉዞው ወጪ ግን የቤተሰቡ ነው። ኮምፒውተር የሚጠይቁ የትምህርት ዓይነቶች በበዙበት በዚህ ጊዜ የመማሪያ መሣሪያ አለመኖር የውጤት ልዩነት ምክንያት እየሆነ መጥቷል።

ይህን ክፍተት በተግባር የሚሞሉት ሌሎች ናቸው። በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የተማሪዎች አገልግሎት ጽሕፈት ቤቶች፣ የሴት ተማሪዎችንና የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ የሚከታተሉ ክፍሎች፣ የእምነት ተቋማት የተማሪ ጉባኤያት፣ የአገር ልጆች ማኅበራትና ራሳቸው ተማሪዎች ከኪሳቸው የሚያዋጡት መዋጮ ችግረኛውን ደግፈው ያቆማሉ። ይህ የመረዳዳት ልማድ የሚያኮራ ነው፤ ነገር ግን በዕድል ላይ የተመሠረተ ነው። ደጋፊ ያገኘ ይቀጥላል፤ ያላገኘ ያቋርጣል ወይም ከጥናቱ ጊዜ ቆርሶ የቀን ሥራ ይሠራል።

ምግብን በተመለከተ ተማሪው በግቢው መመገቢያ አዳራሽ («ካፌ») መመገብ ወይም በምትኩ ጥሬ ገንዘብ ተቀብሎ ውጭ መመገብ («ነን ካፌ») የሚችልበት አሠራር አለ። ምርጫው ተማሪው ለራሱ እንዲወስን ዕድል ይሰጣል። ሆኖም ጥሬ ገንዘቡ የሚሰላው በቀን የምግብ በጀቱ ነው። አዳራሹ በብዛት ገዝቶ በጅምላ የሚያበስለውን ምግብ ተማሪው በዚያው ብር በችርቻሮ ዋጋ ሊያገኘው አይችልም። ስለዚህ በወረቀት ላይ እኩል የሆኑት ሁለት ምርጫዎች በገበታ ላይ እኩል አይደሉም።

5. ሦስተኛው ወሰን፦ ቋሚ ብርና የሚንር ዋጋ

የተማሪ የቀን የምግብ በጀት ለዓመታት 15 ብር ሆኖ ቆይቷል፤ በኋላ ወደ 22 ብር ከፍ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር እንዲሆን ተወሰነ። 22 ብር ለሦስት ማዕድ ሲካፈል ለአንድ ማዕድ የሚደርሰው 7 ብር ከ33 ሳንቲም ነው፤ 100 ብር ሲካፈል 33 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። ጭማሪው ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

በጀቱ ባለበት ሲቆም ገበያው አልቆመም። በዓለም ባንክ መረጃ መሠረት የኢትዮጵያ ዓመታዊ የዋጋ ንረት እ.ኤ.አ. በ2020 20.4፣ በ2021 26.8፣ በ2022 33.9፣ በ2023 ደግሞ 30.2 በመቶ ገደማ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በሁለቱ የመጨረሻ ዓመታት ንረት ብቻ ቢሰላ፣ በ2021 አማካይ ዋጋ 22 ብር ይገዛ የነበረውን ዕቃ በ2023 አማካይ ዋጋ ለመግዛት 38 ብር ከ35 ሳንቲም ያስፈልግ ነበር። በሌላ አነጋገር 22 ብር የመግዛት አቅሙ ወደ 12 ብር ከ60 ሳንቲም ወርዶ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት የጭማሪውን መጠን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የበጀቱ እርምጃ ለረጅም ጊዜ ቆሞ በአንድ ጊዜ የሚዘል ነው። በሚቆምበት ጊዜ የሚማሩት ተማሪዎች የንረቱን ሙሉ ጫና በገበታቸው ላይ ይሸከማሉ፤ ጭማሪው ሲመጣ እነርሱ ተመርቀው ሄደዋል። ካሳው የሚደርሰው ለተጎዱት ሳይሆን ከእነርሱ በኋላ ለገቡት ነው።

ዕዳውን ስንመለከት ግን ነገሩ ይገለበጣል። የተመዘገበው ዕዳ በቋሚ ብር ስለሚቆይ ዋጋ በናረ ቁጥር እውነተኛ ክብደቱ ይቀንሳል። ለምሳሌ በ2019 አማካይ ዋጋ 10,000 ብር የነበረ ዕዳ በ2023 አማካይ ዋጋ ሲለካ ወደ 3,760 ብር ገደማ ወርዷል። ቀሪው 6,240 ብር በማንም ያልተወሰነ፣ በበጀትም ያልተያዘ ድጎማ ነው። ይህ ድብቅ ድጎማ የሚደርሰው ለማን ነው? ለተማሪው ሳይሆን ለምሩቁ ነው። ከምሩቃንም መካከል ይበልጥ የሚጠቀመው ክፍያውን ያዘገየው ነው። ከተቀጠረበት ወር ጀምሮ ከደመወዙ የሚቆረጥበት የመንግሥት ሠራተኛ ገና ክብደቱ ባልቀነሰ ብር ይከፍላል፤ በግል ሥራ ተሰማርቶ ዓመታት ያለፉት ደግሞ በቀለለ ብር ይከፍላል። አስቀድሞ ለሚከፍል የተፈቀደው የጥቂት በመቶ ቅናሽም ንረቱ በዓመት 30 በመቶ በሚደርስበት ሁኔታ የሚያበረታታ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ አንዱ ንረት ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። ተማሪው በሚራብበት ሰዓት ከማዕዱ ይቀንሳል፤ ደመወዝ በሚያገኝበት ሰዓት ከዕዳው ይቀንሳል። መንግሥት በጠቅላላው የሚያወጣው ድጎማ አነስተኛ ነው ማለት አይቻልም፤ ችግሩ ድጎማው ዘግይቶ መድረሱ ነው።

6. አራተኛው ወሰን፦ የምግብ ጭማሪው በዕዳ ሲተረጎም

የ2017 ዓ.ም. ጭማሪ በተማሪው ማዕድ ላይ ያመጣው መሻሻል የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ደንቡ የምግብ ወጪን ሙሉ ለሙሉ በተማሪው ላይ ስለሚጥል፣ እንደ ተጻፈ ከተሠራበት ለምግብ የተጨመረው እያንዳንዱ ብር በዕዳ መዝገብም ይጨመራል። የሚከተለው ስሌት የለውጡን ስፋት ያሳያል። የትምህርት ዘመኑ 10 ወር፣ ማለትም 300 ቀን፣ የምሩቁ የወር ደመወዝ ደግሞ 8,000 ብር ነው ተብሎ ተገምቷል።

በቀን 22 ብር በነበረበት ጊዜ የዓመቱ የምግብ ወጪ 6,600 ብር፣ የአራት ዓመቱ 26,400 ብር ይሆናል። የደመወዙ 10 በመቶ 800 ብር ስለሆነ ይህ ዕዳ በ33 ወር፣ ማለትም ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ያልቃል። በቀን 100 ብር ሲሆን የዓመቱ 30,000 ብር፣ የአራት ዓመቱ 120,000 ብር ይደርሳል፤ በዚያው ደመወዝ ለመክፈል 150 ወር፣ ማለትም 12 ዓመት ተኩል ይፈጃል። እንደ ምሕንድስና ባሉ አምስት ዓመት በሚወስዱ ትምህርቶች ዕዳው 150,000 ብር ይሆንና የመክፈያው ጊዜ 187 ወር ተኩል ይደርሳል። ደንቡ የሚፈቅደው ከፍተኛ ጊዜ 180 ወር ስለሆነ የምግቡ ዕዳ ብቻውን ከወሰኑ ያልፋል ማለት ነው። በዚህ ላይ የመኝታና የትምህርት ድርሻው ሲታከል ከደመወዙ የሚቆረጠው ከ10 በመቶ በላይ መሆኑ ግድ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲጀመሩ ቀድሞ በሦስት ዓመት ይጠናቀቁ የነበሩ ትምህርቶች አራት ዓመት መሆናቸውም አንድ ተጨማሪ የዕዳ ዓመት ጨምሯል።

በዚህ ስሌት ላይ ሊነሣ የሚችል ተገቢ ተቃውሞ አለ። ደመወዝ በ8,000 ብር ቆሞ አይቀርም፤ ከጊዜ ጋር ያድጋል፤ ስለዚህ የመክፈያው ጊዜ ያጥራል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ሆኖም የሚያረጋግጠው ቀደም ብሎ የተባለውን ነው። ዕዳውን የሚያቀልለው የዋጋና የደመወዝ መናር እንጂ የሥርዓቱ አሠራር አይደለም። ንረቱ ከተረጋጋ፣ ማለትም የአገሪቱ የኢኮኖሚ ፖሊሲ የሚመኘው ከተሳካ፣ የምሩቁ ዕዳ እውነተኛ ክብደቱን እንደያዘ ይቆያል። ለምሩቁ ቀላል ሆኖ እንዲቆይ የዋጋ መናር የሚያስፈልገው የዕዳ ሥርዓት በጤናማ መሠረት ላይ ቆሟል ለማለት ያስቸግራል።

ከዕዳው መጠን ጋር የሚያያዝ ሌላ ጉዳይ የሰነድ ነገር ነው። በሕጉ መንፈስ ክፍያው ከገቢ ጋር የተያያዘ ነው፤ ገቢ የሌለው አይከፍልም። በአሠራር ግን ዋናው ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት የሚሰጠው የወጪ መጋራት ዕዳ ስለ መከፈሉ ማረጋገጫ ሲቀርብ ነው። ምሩቁ እስከዚያ ድረስ በጊዜያዊ ማስረጃ ይንቀሳቀሳል። ለውጭ አገር ትምህርት ወይም ዋናውን ማስረጃ ለሚጠይቅ ቀጣሪ የሚያመለክት ሰው ግን ሰነዱን ለማግኘት ዕዳውን በአንድ ጊዜ መክፈል ይኖርበታል። ስለዚህ ሕጉ «ሥራ ስታገኝ ክፈል» ሲል፣ አሠራሩ «ሥራ ለማግኘት ክፈል» እስከ ማለት ይደርሳል።

ዕዳው በ20 እና በ30 ሺህ ብር መካከል ሳለ ይህ ተቃርኖ ያን ያህል አልጎላም ነበር፤ ምሩቁ ከዘመድ ተበድሮ ወይም ከቤተሰብ ተለምኖ ይወጣዋል። 120,000 ብርና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ብድሩ የሚገኘው ዘመዱ ላለው ብቻ ነው። በትምህርት ዘመኑ እኩል ሆነው የተመዘገቡት ሁለቱ ተማሪዎች፣ የባለሀብቱና የጉልበት ሠራተኛው ልጅ፣ ልዩነታቸው ዳግመኛ የሚገለጠው በሬጅስትራር መስኮት ፊት ነው።

7. የሌሎች አገሮች ልምድ

የኢትዮጵያን ጥያቄ ሌሎች አገሮችም በየራሳቸው መንገድ ተጋፍጠውታል። በአውስትራሊያ የተማሪ ዕዳ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ የተቀረጸ ነው። ይህ አሠራር ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል ብዙ ድምፅ ሳያሰማ ቆየ፤ ንረቱ ዝቅተኛ ስለነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ማስተካከያው 7.1 በመቶ ሲደርስ ግን ብዙ ምሩቃን ከከፈሉት ይልቅ የተጨመረባቸው በልጦ ተገኘ፤ ቅሬታውም በረታ። መንግሥት በ2024 ሕጉን አሻሽሎ ማስተካከያው ከዋጋ ንረትና ከደመወዝ ዕድገት በአነስተኛው እንዲሰላ አደረገ። ከዚህ ልምድ የሚወሰደው ዕዳን በቀጥታ ከዋጋ ጋር ማስተሳሰር መንግሥትን ከኪሳራ ቢጠብቅም፣ ደመወዝ ዋጋን ተከትሎ በማያድግበት ጊዜ ሸክሙን በምሩቁ ላይ እንደሚጥል ነው። በ7 በመቶ ንረት ይህን ያህል ቅሬታ ከተነሣ፣ በ30 በመቶ ንረት ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ኬንያ ደግሞ የአቅም ልዩነትን ለመመለስ ሞክራለች። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተማሪዎችን ብድር የሚያስተዳድር ራሱን የቻለ ቦርድ አላት። በ2023 በወጣው አዲስ አሠራር ተማሪዎች በቤተሰባቸው አቅም ተመድበው የስጦታና የብድር ድርሻቸው በዚያው ልክ እንዲለያይ ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ ፍትሐዊ ቢሆንም ብዙ ቤተሰቦች የተሰጣቸው ደረጃ አቅማቸውን አያሳይም በማለት ተቃወሙ፤ በ2024 መጨረሻም የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አሠራሩን ሕገ መንግሥታዊ አይደለም አለ። አቅምን መለየት ተገቢ መሆኑ ሌላ፣ በአግባቡ መለየት መቻል ሌላ መሆኑን ይህ ያስረዳል። የአብዛኛው ሰው ገቢ በደመወዝ መዝገብ በማይገኝበት አገር ችግሩ ይከፋል።

8. ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳቦች

ከላይ የታዩት አራት ወሰኖች የየራሳቸው ምክንያት ቢኖራቸውም የሚገናኙበት ቦታ አለ። ድጋፉ የሚሰጠው፣ የሚለካውና የሚመለሰው በተለያየ ጊዜ ሲሆን፣ መለኪያው ግን ጊዜን የማያውቅ ቋሚ ብር ነው። በዚህ የተነሣ ተማሪው ሊደገፍ በሚገባው ሰዓት በቂ ድጋፍ አያገኝም፤ መንግሥትም የሰጠውን በሰጠው ዋጋ አይቀበልም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ተቋማት ገቢና ወጪያቸውን ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ መንገድ በከፈተበትና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀዳሚ ሆኖ በገባበት በዚህ ወቅት ጉዳዩ ይበልጥ አጣዳፊ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸውን ገቢ እንዲፈልጉ ሲጠበቅ የተማሪው ድርሻ ላይ የሚደርሰው ግፊት መጨመሩ አይቀርምና።

ከትንታኔው በመነሣት አራት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

አንደኛ፣ የምግብ በጀቱ ዓመታትን ቆይቶ ከሚዘል ይልቅ በየዓመቱ የበጀት ዝግጅት ወቅት ከምግብ ዋጋ ለውጥ ጋር ቢስተካከል ይመረጣል። ትንንሽ ዓመታዊ ጭማሪ ለበጀት ዕቅድም ይቀልላል፤ አንድን የተማሪ ትውልድ ለይቶም አይጎዳም።

ሁለተኛ፣ የምግብ ወጪ መቶ በመቶ በተማሪው ዕዳ ላይ የሚመዘገብበት ድንጋጌ በአነስተኛ በጀት ዘመን የወጣ መለኪያ እንጂ ለ100 ብር ዘመን የታሰበ አይደለም። እንደ ትምህርት ወጪው ሁሉ የምግቡም የተወሰነ ክፍል በስጦታ ቢያዝ ዕዳው ከ15 ዓመቱ ወሰን በታች ሊቆይ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ ከፊል መልሱ በድብቁ ድጎማ ውስጥ አለ። ዕዳው በዋጋ ሳይሆን ለምሳሌ በመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ስኬል ለውጥ መጠን ቢስተካከል፣ ምሩቁ ከገቢው ዕድገት በላይ አይጫነውም፤ መንግሥትም ዘግይቶ ለሚከፍለው ሳያስበው የሚሰጠውን ድጎማ ወደ ተማሪው ገበታ ሊያዞረው ይችላል።

ሦስተኛ፣ የሰነድ አሰጣጥ ከዕዳ ክፍያ ቢለይ ወይም ቢያንስ ገቢ እንደሌለው ለሚያረጋግጥ ምሩቅ የክፍያ ስምምነት ፈርሞ ሰነዱን የሚወስድበት መንገድ ቢከፈት የሕጉን መንፈስ ያስጠብቃል። ለዕዳው ማስከበሪያ የሚሆን የተሻለ መሣሪያ አለ፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ከተመዘገበው ዕዳ ጋር ቢያያዝ ተቀጣሪውም የግል ሠራተኛውም በአንድ መንገድ ሊደረስባቸው ይችላል።

አራተኛ፣ ሥርዓቱ ለማያውቃቸው ወጪዎች፣ በተለይም ለጉዞና ለመማሪያ ቁሳቁስ፣ በችግረኛ ተማሪዎች ላይ ያነጣጠረ አነስተኛ የጥሬ ገንዘብ ድጋፍ ያስፈልጋል። የኬንያ ልምድ እንደሚያስጠነቅቀው መላውን ተማሪ በአቅም ለመደልደል መሞከር አስቸጋሪ ነው። ችግረኛውን ለመለየት ግን በየአካባቢው የምግብ ዋስትናና የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን መርሐ ግብሮች ያሏቸው የተጠቃሚ መዝገቦች መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ።

እነዚህ ሐሳቦች ድጋፉን ወሰን አልባ አያደርጉትም፤ የትኛውም ድጋፍ ወሰን አለውና። የሚለውጡት ወሰኑ የሚያርፍበትን ቦታና ሰዓት ነው። ቀጣይ ጥናቶች በተለያዩ የምረቃ ዘመናት የወጡ ምሩቃን የተመዘገበባቸውን ዕዳ፣ የከፈሉበትን ጊዜና ያኔ የነበረውን ደመወዝ አነጻጽረው ቢመረምሩ፣ በዚህ ጽሑፍ በምሳሌ የታየው የድጎማ መዘግየት ምን ያህል እንደሆነ በትክክል ለመለካት ይቻላል።